ኢንሳፍ እጇን ያወረደችበት ሰሞን

ማርች 20፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የብርሃን መጠንና የፊልም ቁጥር ልመዘግብበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የእህል መርከብ፣ ከሰሜን የገባ፣ ደመና» ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ነገር ይጻፍበት። መርከቦቹ አይቀየሙኝም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳነሳቸው አንዱም አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ጢሙ ይብቀል አይብቀል ገና አልወሰነም። ነርሷ ባለቤቴን ኢንሳፍን ልብሷን ስታለብስ እኔንና ልጄን ነጅላን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገሩን ነገረን። ሐሞቷ አይደለም፤ ቆሽቷ ነው፣ ጉበቷም ጋ ደርሷል። ቢላዋ አይነካውም አለ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅሁት። ግድግዳውን እያየ፣ «ሐጅ ሙኽታር፣ ኢዱን ካዩ ደግ ነው» አለኝ። ለኢድ ሦስት ወር አልሞላም።

ነጅላ እንባዋን ሳትጠርግ «እማዬ እንዳትሰማ» አለች። መናገርም አያስፈልጋትም ነበር። በእኛ ቤት ስለ በሽታው ከሰው ሁሉ በኋላ የሚሰማው በሽተኛው ነው። እናቴ ብርድ መታኝ እንዳለች ሞተች፤ እኛም ብርድ ነው እንዳልን ቀበርናት። ስለዚህ የሐሞት ጠጠር ነው ተባባልን። ነጅላ ቧንቧው ጋ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ እየሳቅን ገባን።

ኢንሳፍ ሁለታችንንም በየተራ አየችን። ምን እንደሚያስቀን ጠየቀች።

«ሐኪሙ አባቷ ነህ ወይ ብሎኝ ነው» አልኳት።

«ዓይኑ ደህና ነዋ» አለች፣ በእግሯ ጫማዋን እየፈለገች።

ማርች 24፣ ቅዳሜ

ነጅላ ደውላ አንድ ጥሩ የእናቷን ፎቶ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ምን ችግር አለው አልኳት። ስድስት መቶ ጥቅል ፊልም የጨረሰ ሰው ነኝ። ሣጥኖቹን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

ማርች 26፣ ሰኞ

ሁለት ቀን ሙሉ ኔጋቲቭ መስኮት ላይ እየዘረጋሁ አየሁ። ኢንሳፍ ምን ትሠራለህ ስትለኝ መርከብ እየቆጠርኩ ነው አልኳት።

ያገኘሁት ጣቶች ነው። የጎረቤት ሙሽራ ሳነሳ፣ በመሻገሪያ ጀልባው ላይ አብረውኝ የሠሩትን መካኒኮች ሳነሳ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳነሳ፣ ብርሃኑን ወደ ፊታቸው እንድትመልስልኝ ነጭ አንሶላ ወጥራ አጠገቤ የምትቆመው እሷ ነበረች። በፎቶው ጠርዝ ላይ አራት ጣቶቿ ይታያሉ። አንዳንዴ ክርኗ። አንዴ ጥላዋ። ሳሳትም ያንን ጠርዝ እየቆረጥኩ እጥለው ነበር።

ፊቷ የለም። የመታወቂያዋ ፎቶ አለ፤ ዶሮ ስትሰርቅ የተያዘች ነው የምትመስለው።

ነጅላም በስልኳ፣ የልጅ ልጄ ረዋንም በስልኳ ሞክረዋል። ስልኩ ሲነሣ የኢንሳፍ እጅ አብሮ ይነሣል። የቤተሰባችን ፎቶ ሁሉ መሃሉ ላይ አንድ መዳፍ አለው፣ ትራፊክ ፖሊስ ያቆመን ይመስል።

ምክንያቱ ተራ ነገር ነው። በሰባ ዘጠኝ ነጅላን እርጉዝ ሳለች፣ ቦዩን አቋርጦ ከፖርት ሰይድ ወደ ፖርት ፉአድ በሚሻገረው ጀልባ ላይ ማንጎ ስትበላ አነሳኋት። ጭማቂው አገጯ ላይ፣ ሆዷ እስከዚህ ድረስ፣ ነፋሱ ቀሚሷን እንደ ሸራ ነፍቶት። አንድ ክንድ አስረዝሜ አሳትሜ በፎቶ ክበባችን ትርኢት ላይ ሰቀልኳት፤ ከሥሯም «ዓሣ ነባሪ በቦዩ ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢንሳፍም የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶዋን አወረደችና ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ኔጋቲቩንም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እጅ ማንሣት የጀመረችው ያኔ ነው።

ቀልድ ነበር። ቀልድ የማይገባው ሰው አለ።

ማርች 29፣ ሐሙስ

አሸዋ የጫነ ነፋስ። መስኮት ዘግተን ዋልን። የዓሣ ሾርባ ሠራሁላት፣ ጨው በዝቷል አለች። ጨው ጨርሶ አልጨመርኩበትም።

ኤፕሪል 2፣ ሰኞ

ነገሩን የነገርኩት ለዊሳ ብቻ ነው። ዊሳ ከገበያው ጀርባ ሱቅ አለው። ከፊት የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ግን ጨለማ ክፍል አለው፤ በዚህ ከተማ ገና ፊልም የምናነሳ አምስት ሽማግሌዎች የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ሚስቶቻችን የጥንቸል ጉድጓድ ይሉታል።

አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ አልኩት። ፊት ለፊት፣ እጇን አውርዳ፣ አንድ ጊዜ። ለምን እንደሆነ ግን እንዳታውቅ። አርባ ዓመት ሊሆነው ዝም ብዬ፣ ዛሬ ተነሥቼ «ነይ ላንሳሽ» ብላት፣ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ከግንባሬ ላይ ታነበዋለች።

ዊሳ ስትተኛ በስልክ አንሳት አለኝ። ዓይኑ የተከደነ ፊት የሚነሣው የሬሳ ነው አልኩት። አማተበ።

በፊልም ነው የማነሳት። ዓይኗ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቢጫን አያውቅም። ዊሳ ደግሞ፣ ወንድ ልጄ ሻሂር ከኩዌት የላከልኝ ዲጂታል ካሜራም ጥቁርና ነጭ ያነሳል እኮ አለኝ። አፍህን ዝጋና ፊልሙን አምጣ አልኩት። ከፍሪጁ ውስጥ፣ ከአይቡ ሥር፣ የመጨረሻዋን ጥቅል አወጣልኝ።

ኤፕሪል 9፣ ሰኞ

የሻም ኢል ነሲም በዓል። ከተማው በሙሉ ቦዩ ዳር ሣር ላይ ተቀምጦ ፈሲኽ ሲበላ ዋለ፤ ያንን ወራት በጨው የተቀበረውን የሚሸት ዓሣ። ኢንሳፍ አማራት። ነጅላ ሞቼ ነው ቆሜ አለች። እኔ በዳቦ መሃል ሁለት ጣት የምታህል ደብቄ ወደ መኝታ ቤት አስገባሁላት። እንደ ሌባና ግብረ አበሩ ተያይተን ሳቅን። ዓይኗን ጨፍና በላች።

እስኪነጋ አስመለሳት።

ነጅላ ያለችኝን አልጽፈውም። ልክ ናት።

ኤፕሪል 12፣ ሐሙስ

ዘዴው ይኸው። ክበባችን የፖርት ሰይድን አሮጊቶች ፊት ሊያሳይ ነው፤ እኔ አንዲት አሮጊት ማምጣት አለብኝ፤ ታች ቤት ያለችውን ኡም ሸፊቅን ጠይቄ ነበር፣ ግን ጢሟ ከእኔ ጢም ይበልጣል፤ ስለዚህ ተቸግሬአለሁ። ይህን ሁሉ ጋዜጣ እያነበብኩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው ነገርኳት።

ኢንሳፍ የባቄላ እሸት እየፈለፈለች ነበር። ልትበላው ሳይሆን፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ነው።

«መቼ ነው የምታነሣው?» አለች።

«ማንን?»

«አሮጊቷን።»

ቅዳሜ አልኳት። እሺ አለች። እንዲህ በቀላሉ። ራሴን አደነቅሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ገና ሰው ማታለል አልረሳሁም።

ኤፕሪል 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ አነሳኋት።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርሃኑ ከቦዩ ውኃ ተንጸባርቆ የበረንዳችንን ጣሪያ ይመታና ወደ ሳሎኑ ይወርዳል። አንሶላ የሚይዝ አያስፈልግም። ወንበሩን አስተካክዬ ካሜራውን ላዘጋጅ ስል መነጽሬን አጣሁት። ነጅላ አንድ ቦታ አስቀምጣዋለች። ቢሆንም ፊልም ለማስገባት መነጽር አልፈልግም፤ ጣቶቼ ያውቁታል። እየተጣደፍኩ ሳለሁ ኢንሳፍ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ክዳኑን ከደንኩ።

ቀሚሱ ተንዘላዝሎባታል። ጀርባዋን ሰጠችኝና «ለሙሽሮቹ እንደምናደርገው ያዝልኝ» አለች። የኪራይ ቀሚስ የሰፋቸውን ሙሽሮች ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እናጠብብላቸው ነበር፤ ከፊት አይታይም። አራት መቆንጠጫ ገባ። አምና አንድም አይገባም ነበር። ስለ መቆንጠጫዎቹ አንድ ቀልድ ጀምሬ ተውኩት።

ተቀመጠች። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሣሁና የእጇን መነሣት ጠበቅሁ። እጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ ቀረ።

አነሳኋት። መጀመሪያ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ደርቃ ነበር። ከዚያ በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሁሉ ተሰድዶ እኛም ዳሚዬታ ተጠግተን ስንኖር ስለነበረችው የቤት አከራያችን፣ ያቺ አንድ ምድጃ ለአራት ቤተሰብ ስለምታከራየዋ ሴትዮ፣ ማውራት ጀመረች፤ አካሄዷን በተቀመጠችበት እየቀዳች አሳየችኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። አገጯን ቀና ስታደርግ አነሳኋት። ወደ መርከብ ጥሩምባ ዘወር ስትል አነሳኋት። ምንም ሳትል ዝም ብላ ስታየኝም አነሳኋት፤ ብዙ ጊዜ። በግራ ዓይኗ ሥር ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አላውቃትም ነበር። ከየት መጣች ስላት፣ ከመጋባታችን በፊት የነበረች ናት አለችኝ።

ፊልሙን ወደፊት የምትስበዋ እጀታ እጄ ላይ ቅቤ ሆነች። ፊልሙም ዛሬ ቸር ነው፣ አላልቅ አለ። ስንት እንዳነሣሁ አልቆጠርኩም።

«አለቀ?» አለችኝ አንድ ጊዜ።

«አላለቀም።»

«እንግዲያው ቀጥል» አለች።

የመግሪብ አዛን ሲል ብርሃኑ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖናል። እንደዚህ ደስ ብሎኝ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ።

ኤፕሪል 16፣ ሰኞ

ባዶ ነው።

በኋላ። ልጻፈው። የፊልም ጫፉን ምላስ እንለዋለን። ምላሱን በተቀባዩ ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ታስገባለህ፤ ካልያዘ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፣ ፊልሙ እንደተኛ ይቀራል። በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ማጠንጠኛ ፊልሙ ሲሄድ አብራ ትዞራለች። ካልዞረች ምንም የለህም። ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬአለሁ፣ በስንቱስ ላይ ስቄአለሁ። ዊሳ ሱቅ ፊልሙን መልሼ ልጠቅልለው ብል እጄ ላይ ምንም አልከበደኝም። ክዳኑን ስከፍተው ፊልሙ ምላሱን አውጥቶ ጠበቀኝ።

ዊሳ አልሳቀም። ሃምሳ ዓመት ሲስቅብኝ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ሻይ አፈላልኝ። 

መነጽሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረ።

ኤፕሪል 17፣ ማክሰኞ

ወጡ ወይ አለችኝ። ወጥተዋል አልኳት። ዊሳ በዝግታ እያተመ ነው፣ ወረቀት ከካይሮ እስኪመጣለት። እሺ፣ እስኪመጡ አንዷን ንገረኝ አለች።

ነገርኳት። አገጯን ቀና ያደረገችበትን። ብርሃኑ ከቀኝ ጉንጯ ተነሥቶ አንገቷ ላይ እንደሚያልቅ፣ ጆሮዋ ላይ ነጥብ የምታህል የወርቅ ጉትቻ እንደምታበራ፣ ከኋላዋ የበረንዳው እንጨት እንደደበዘዘ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ቆንጆ ነኝ?» አለች።

አዎ አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላ መልስ ነበረኝ።

ኤፕሪል 23፣ ሰኞ

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዷን ትጠይቀኛለች። ትናንት ስትስቅ የተነሣችውን። ዛሬ ወደ ጥሩምባው የዞረችበትን። እኔም እነግራታለሁ። የሌለ ፎቶ መናገር ካለው ይልቅ ቀላል ነው፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ የምወስነው እኔ ነኝ። አንዳንዴ እውነት ያሉ ይመስለኛል። ዛሬ ሣጥኑን ከፍቼ ልፈልጋቸው ምንም አልቀረኝም።

ኤፕሪል 27፣ ዓርብ

ነጅላ ፊልሙ ባዶ መሆኑን ሰማች። ዊሳ እኔ የነገርኳት መስሎት አጽናናት፣ ሞኝ። ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እማዬ እጇን አውርዳ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ፣ አንተ የዱሮ ካሜራ ትጫወታለህ?» አለችኝ። «ረዋንን ብትጠራት በስልኳ መቶ ታነሣት ነበር። ሁላችንም እናገኛት ነበር።»

ስልክ እንዲህ አይነት ፊት አይችልም አልኳት።

«ፊቱ የአንተ ብቻ ነው እንዴ?» ብላ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ኤፕሪል 30፣ ሰኞ

ረዋን አያቷን ተኝታ ሳለች አንስታ በስልኳ አሳምራ አሳየችኝ። ቢጫው የለም፣ ሽብሽቡ የለም፣ ጠባሳዋም የለችም። ይህች ደግሞ የማን ሚስት ናት አልኳት። ልጅቷ አለቀሰች። ለምን እንዲህ አልኩ? ጥሩ ልትሠራ ነው የመጣችው። ቀልድ ነው ብዬ አባበልኳት። እዚህ ደብተር ላይ ያቺ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈች አላውቅም።

ሜይ 6፣ እሑድ

ሆስፒታል። ከሆዷ ውኃ ቀዱላት። ክብደቷን ሲለኩ ዞር አልኩ።

ሜይ 8

ተመለስን። በደረጃው ላይ ሁለት ሰው ተሸክሞ አወጣት። ለመርከብ ካፒቴን ነው እንዲህ የሚደረግ አልኳት። ፈገግ አለች፣ ለእኔ ብላ።

ሜይ 18፣ ዓርብ

የረመዳን ሁለተኛ ቀን። ኢንሳፍ አልጾመችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ሻይ ስትጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም አብሬአት ዞርኩ፤ ሁለት አሮጌዎች ግድግዳ እያየን።

ካሜራውን ደግሜ ማንሣት እፈልጋለሁ። አሁን ግን ምን ብዬ? ፎቶዎቹ ወጥተዋል ብያለሁ። ደግሞም ፊቷ የኤፕሪሉ ፊት አይደለም። ኢድ አራት ሳምንት ቀረው።

ሜይ 22፣ ማክሰኞ

ሰዓቱ ከአፍጥር በፊት ነበር፣ ሰው ሁሉ ዝም የሚልበት። ነጅላ ወጥ ቤት ነበረች። ኢንሳፍ ትራሷን እንዳስተካክልላት ጠየቀችኝና፣ «ሙኽታር፣ አርባ ዘጠነኛዋን ንገረኝ» አለች።

የፊልሙ ቁጥር ሠላሳ ስድስት ነው፣ ረሳሽው ወይ አልኳት።

«አልረሳሁም። እኔ ሃምሳ አንድ ነው የቆጠርኩት» አለች። «ማጠንጠኛዋም አንዴ እንኳ አልዞረችም። ስታስገባው ጀምሮ አይቻታለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አንሶላ ይዤ አጠገብህ የቆምኩት ምን ሳይ ይመስልሃል? መርከብ?»

 ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ብነግርህ ታቆማለሃ።»

ከዚያ ትንሽ አረፈችና፣ ያን ያህል ሰዓት አይቻት እንደማላውቅ ነገረችኝ። እንደ ወቀሳ አልተናገረችውም። የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረችው። ጉንጯ ላይ ስላበራው ብርሃን የነገርኳትንም ሁሉ ወዳዋለች፤ በተለይ የጆሮዋን ነጥብ፣ ምክንያቱም በዚያን ቀን ጉትቻ አላደረገችም።

እጇን ያዝኩ። «የሐሞት ጠጠር ያላችሁኝም ፊልም የለበትም» አለች። «እስከ መቼ ነው ያላችሁ?»

ለነጅላ ምዬ ነበር። በእናቴም ጊዜ ምዬ ነበር። «ኢዱን ካየች ደግ ነው ብሏል» አልኳት።

ጣቶቿ እጄ ውስጥ ቆጠሩ፤ ሳምንቶቹን መሰለኝ። «እንግዲህ የኢዱን ብስኩት ነጅላ ትጋግረው። ቅቤ ታበዛለች፣ ንገራት።»

ስለ ዓሣ ነባሪዋ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ። 

«ጥሩ ፎቶ ነበረች» አለች። «የጠላሁት ስሟን ነው።»

የአፍጥሩ መድፍ ተተኮሰ። ነጅላ ሾርባና ቴምር ይዛ ስትገባ ሁለታችንንም አየችን፣ ሰሃኑን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሜይ 23፣ ረቡዕ

አንድ ብቻ፣ አለችኝ። ግን አንተም ትገባለህ። አንተንም ማን አይቶህ ያውቃል፣ ሃምሳ ዓመት ከካሜራ ኋላ የተደበቅህ።

ዊሳ ከአንድ ካይሮ ካለ ሰው ጥቅል አስመጥቶልኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ፣ አልጋዋ ላይ፣ ዓይኗ ሥር አስገባሁት። ሳብኩ። ማጠንጠኛዋ ዞረች። «ዞረች» አለች ኢንሳፍ፣ ሕፃኑ ወጣ እንደምትል አዋላጅ።

ቀሚሱን አልለበሰችም፤ መቆንጠጫ አይበቃውም። ነጭ የቤት ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላ ነገር ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ነጅላ ደግፋ ሳሎኑ ሶፋ ላይ አስቀመጠቻት። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ሰክቼ፣ ራሱ እንዲያነሣ አሥር ሰከንድ ሞላሁለት። ለጤነኛ ጉልበት አሥር ሰከንድ ብዙ ነው። እያነከስኩ ደርሼ ቁጭ እንዳልኩ፣ ኢንሳፍ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ሆድህን ሳብ» አለችኝ። ልመልስላት ዞር አልኩ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ነጅላ ሌላ እንድገም አለች። ኢንሳፍ ደክማ ነበር። አንድ ብለናል አለች።

ሜይ 26፣ ቅዳሜ

ወጥታለች። ውኃው ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ፀጉሯ ነው፣ ከዚያ ዓይኖቿ። ዊሳ ጨለማው ውስጥ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። አምጥቼ አሳየኋት። ብዙ አየቻትና፣ ይህ ሽማግሌ ማነው አለችኝ።

ጁን 4

መርፌ በየአራት ሰዓቱ። ትተኛለች። ሻሂር ከኩዌት መጣ። ስታየው «ከሳህ» አለችው። የሰላሳ ኪሎ ትርፍ ያለበት ሰው።

ጁን 9

ውኃ ብቻ። በማንኪያ።

ጁን 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት፣ ከጎህ አዛን በኋላ። ነጅላ በዚህ በኩል፣ እኔ በዚያ በኩል።

ኢዱን በሦስት ቀን ቀደመችው።

ጁን 15፣ ዓርብ

ኢድ። የሰው ቤት ልጆች ደረጃው ላይ እየሮጡ ነው። ብስኩት አልተጋገረም። ኡም ሸፊቅ አንድ ሳህን ይዛ መጣች፣ ቅቤው የበዛ።

ጁን 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ፎቶዋን ስለ መስቀል ክርክር ነበር።

ዊሳ በትልቁ አትሞ፣ በእንጨት ፍሬም አድርጎ አመጣት። ነጅላ ማዕዘኑ ላይ የምታስረውን ጥቁር ጥብጣብ ይዛ ቆመችና ድንገት ትዝ አላት፤ በሕይወት ያለ ሰው በጥቁር ጥብጣብ ሥር አይሰቀልም። ኡም ሸፊቅም እንዲህ የተሰቀለውን ዓመቱ ሳይዞር ሞት ይወስደዋል አለች። የሚወስደኝ ካለ እኔ ዕቃዬን አስሬ ነው የምጠብቀው አልኳት፤ ማንም አልሳቀም።

ሻሂር ችግር የለም አለ፤ ዊሳ ስልኩ ላይ የላከለትን ቅጂ ነካ ነካ አደረገና ለደቂቃ ያህል ቆይቶ አሳየኝ። እኔ የለሁም። በተቀመጥኩበት ቦታ የሶፋው ጨርቅ አበባው ሳይዛነፍ ቀጥሏል፣ ከላይ ግድግዳው ቀጥሏል። ማንም ያልተቀመጠበት ነው የሚመስል። ኢንሳፍ ብቻዋን፣ ቆንጆ፣ ፊት ለፊት እያየች። ሥራው ንጹሕ ነው፤ በጨለማ ክፍል እንዲህ ለማድረግ አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

«መልሰኝ» አልኩት።

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። እኔ የእሷን ጠርዝ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጥ ኖሬአለሁ። ማንም አይቆረጥም።»

ነጅላ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ እንዳለች ሰቀለችን። ጥብጣቡን በእሷ በኩል ባለው ማዕዘን አሰረችው፤ የእኔን ማዕዘን ባዶ ተወችው።

ጁን 21፣ ሐሙስ

ሻሂር ወደ ኩዌት ተመለሰ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ፎቶዋ ላይ ኢንሳፍ ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው። እኔ ወደ እሷ ዞሬ አፌን ከፍቻለሁ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ ምን ልትላት ነበር ይለኛል። ሆድህን ሳብ ስላለችኝ ልመልስላት ነበር። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ካሜራው ቀደመኝ፣ ከዚያ ነጅላ ደገፈቻት፣ ወደ አልጋዋ ወሰድናት፣ ሾርባ መጣ፣ መርፌ መጣ። በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን ነበረኝ።

አሁን አላስታውሰውም። ዛሬ ጠዋት ባስታውሰው ብዬ ፎቶዋ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ። አልመጣልኝም። ነጅላ ከወጥ ቤት ወጥታ፣ አባዬ ምነው ትንፋሽህን ይዘህ ቆምህ፣ አመመህ እንዴ አለችኝ። አላመመኝም። ሆዴን ስቤ ነው።